የእትዬ ዓለምፀሐይ ቁም ሳጥን

እትዬ ዓለምፀሐይ እንግዶቻቸውን የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያስተኙት ባለፈው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ነው። እንግዶቹ ለሠርግ ከሲያትል የመጡት አቶ አሳምነውና ባለቤታቸው ነበሩ፤ የድሮ የሰፈር ሰዎች፣ ጨዋዎች። ወደ መኝታ ቤቱ ሲገቡ አልጋው ላይ ዳር ዳሩን ጥልፍ የዞረበት፣ ወፈር ያለ፣ የዓመት በዓል ወጥ ጠብ ብሎበት በእጥበት ያልለቀቀ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፎ አገኙ። ባልና ሚስት ተያዩ። ተኝተውበት አደሩ፤ ጠዋት አጣጥፈው አልጋው ጫፍ ላይ አኖሩት፤ አመስግነው ወጡ።

ነገሩ የታወቀው ልጃቸው ዶርካስ በማግስቱ ከምትኖርበት ከቫን ናይስ ስትመጣ ነው። አስቤዛውን ወጥ ቤት አድርሳ የእንግዳውን ክፍል ላስተካክል ብላ ገባችና የታጠፈውን ጨርቅ አንስታ ዘረጋችው። ይዛው ሳሎን መጣች።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

እትዬ ዓለምፀሐይ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ እየሰሙ ነበር። ነጭ መሆኑን አዩ፤ ሰፊ መሆኑንም አዩ። «አንሶላ ነዋ» አሉ።

ዶርካስ ጨርቁን አምጥታ ጥልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እትዬ ዓለምፀሐይ በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳበስ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጃቸው ብትስቅ ኖሮ አብረው ይስቁ ነበር። ዶርካስ ግን አልሳቀችም።

እትዬ ዓለምፀሐይ በዚያን ጊዜ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጉ ነበር። ዓይናቸው የጀመራቸው ሕመም ለሰው ለማስረዳት እንኳ የሚያስቸግር ነው። ቀጥ ብለው ያዩት ነገር ይጠፋባቸዋል፤ ፊታቸውን ትንሽ ዘወር ሲያደርጉ በጎን በኩል ብቅ ይላል። የሰውን ጆሮና ፀጉር ያያሉ፣ ፊቱን ያጡታል። የበሩን መቃን ያያሉ፣ እጀታውን ያጡታል። ሐኪሙ ጭልጥ ብሎ አይጨልምብዎትም፣ ዳር ዳሩ ይቆይልዎታል፣ መሃሉ ግን እየሰፋ የሚሄድ ጉም ነው ብሏቸዋል። የዓይኑን መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ። ከዚያ በተረፈ እቤታቸው ውስጥ ሁሉንም ነገር የት እንዳለ ስለሚያውቁ ብዙም ሳይታወቅባቸው ኖረዋል። የጠረጴዛው ልብስ ግን አጋለጣቸው።

ዶርካስ አጠገባቸው ተቀመጠች። በጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ የቢሮ ኃላፊ ናት፤ ሰው ማረጋጋት ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ የጠረጴዛ ልብስ ነው፣ ኦኬ፣ ችግር የለውም። ነገ መድኃኒት ብትሳሳቺስ? እኛ ጋ ክፍሉ ሬዲ ነው። ሶፎንያስም ና በላት ና በላት እያለኝ ነው እኮ» አለች። ሶፎንያስ ባሏ ነው፤ አማርኛው የሚሰባበርበት፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገ ደግ ልጅ። እትዬ ዓለምፀሐይን «ና» ብሎ ሲጠራ ማንም አርሞት አያውቅም።

እትዬ ዓለምፀሐይ ልጃቸውን ሰሟት። ሐሳባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው የታመሙና ያረጁ ሰዎችን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ነበር። ከነዚያ ሰዎች መካከል ሚስስ ሃርፐር የሚሏቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ሚስስ ሃርፐር ዓይናቸው ጨርሶ አያይም፤ ሆኖም በገዛ ቤታቸው ዕንቁላላቸውን ራሳቸው ይቀቅላሉ፣ አበባቸውን ያጠጣሉ፣ ቀሚሳቸውን ራሳቸው መርጠው ይለብሳሉ። ልጃቸው አዝኖላቸው ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። ቤቱ ሰፊና የሚያምር ነበር። እዚያ ከገቡ በኋላ ግን መታጠቢያ ቤቱ በየትኛው በር እንደሆነ እንኳ ሰው መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። መጠየቁ ሲሰለቻቸው መነሳቱን ተዉት። እትዬ ዓለምፀሐይ እዚያም ድረስ እየሄዱ ሲረዷቸው አይተዋል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሴትዮዋ ከአልጋ የማይወርዱ ሆኑ። ልጅየው ምንም አላጠፋም። ይህንን ነው እትዬ ዓለምፀሐይ የማይረሱት፤ ልጅየው ምንም ያጠፋው ነገር አልነበረም።

የእሳቸው አፓርታማ ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ወጥተው ወደ ቀኝ ከታጠፉ እንጀራና በርበሬ የሚገዙበት ሱቅ ያደርሳቸዋል፤ ተሻግረው ፋርማሲው አለ፤ ከዚያ አለፍ ሲሉ አውቶቡሱ። ቫን ናይስ ልጃቸው ቤት ግን ከበር ወጥቶ የሚደረስበት ቦታ የለም፤ ለሁሉም ነገር መኪና፣ ለመኪናው ደግሞ ሰው ያስፈልጋል።

«ኅዳር ላይ ለታንክስጊቪንግ በዓል እነ አሳምነው ተመልሰው ይመጣሉ» አሉ በመጨረሻ። «አልጋውን እኔ አነጥፋለሁ። ከአንሶላው እስከ ፎጣው እኔ አወጣለሁ፤ አንቺ እጅሽን አታስገቢም። አንዲት ነገር ከተሳሳትኩ ያን ጊዜ ቫን ናይስ እመጣለሁ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ፈተና ልስጥሽ አላልኩም።»

«እኔ ነኝ የምፈተነው። እሺ በይኝ።»

ዶርካስ እሺ አለች። ስትል ግን ነገሩ እንደማይሆን፣ እናቷም ቀስ በቀስ እንደሚቀበሉት እርግጠኛ ነበረች።

ቁም ሳጥኑ ከመታጠቢያ ቤቱ ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ነው። ሁለት ተከፋች በር አለው፤ ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው። እትዬ ዓለምፀሐይ እዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ አንድም ጊዜ ባዶ ሆኖ አይተውት አያውቁም። ሰኞ ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በርጩማውን አመጡና በሩን ከፈቱ። ከታች ተነስተው ያወጡ ጀመር። ያገኙትን ሁሉ ወለሉ ላይ ይዘረግፉታል።

የማይወጣ ነገር አልነበረም። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ ከድሮ ቤታቸው ይዘውት የመጡት ለዚህ መስኮት የማይሆን መጋረጃ፣ ዶርካስ ሕፃን ሳለች የታቀፈችበት ፎጣ፣ ማን እንደረሳው የማይታወቅ የባሕር ዳርቻ ምንጣፍ፣ ላስቲክ ያለው አንሶላ ከነጓደኛው፣ ላስቲክ ያለው አንሶላ ያለ ጓደኛው፣ ከፕላስቲክ ማሸጊያው ያልወጣ አልጋ ልብስ። ከዚያ ደግሞ የሟቾቹ አለ። ሲረዷቸው የነበሩ ሰዎች ሲያርፉ ቤተሰቡ ቤቱን ሲያጸዳ፣ «አንቺ ውሰጂው» እያለ የሰጣቸው አንሶላና ብርድ ልብስ ነው። እምቢ ማለት ነውር መስሏቸው ይቀበላሉ፤ እቤት አምጥተው ከላይኛው መደርደሪያ ያስገቡታል፤ አንድም ቀን አንጥፈውት አያውቁም።

ቀትር ሲሆን ኮሪደሩ ሞልቶ ወደ መታጠቢያ ቤት መሻገሪያ ጠፋ። ታች ያለችው ጎረቤታቸው ሱዓድ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰምታ ወጣች። ሱዓድ ኤርፖርቱ አካባቢ ባለ ሆቴል የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ናት። በሩ ላይ ቆማ ክምሩን ስታይ፣ «እትዬ፣ ሊለቁ ነው እንዴ?» ብላ ደነገጠች።

«ላለመልቀቅ ነው» አሏት።

ላግዝዎት ብትል አልፈለጉም። እኔ ያላስቀመጥኩትን እኔ አላገኘውም አሏት። ለመታጠቢያ ቤቱ መንገድ እንድትጠርግላቸው ብቻ ፈቀዱላት።

በዚያ ሳምንት ሁሉ ሲለዩ ሰነበቱ። መጀመሪያ ያሰቡት በየመጠኑ ሊያስቀምጡት ነበር፤ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ። ግን አንሶላ ሲታጠፍ ትልቁም ትንሹም አንድ ነው፤ ለማወቅ መዘርጋት አለበት፤ ከዘረጉት ደግሞ መልሶ ማጠፍ አለ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱን አንሶላ ደጋግመው ዘርግተው እንዳጠፉት ሲገባቸው በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ማልቀስ አማራቸው፤ አላለቀሱም። ተነስተው እጃቸውን ታጠቡና ምሳቸውን በሉ።

እሑድ ቸርች ሄዱ። ከጸሎት በኋላ አንዷ የቸርች እህት ምሳ ጋበዘቻቸውና ሲመለሱ ቀኑ መሽቶ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ምንም አልነካም። ወለሉ ንጹሕ ነው፤ ክምሩ የለም። ዶርካስ ከወጥ ቤት በደስታ ጠራቻቸው። በራሷ ቁልፍ ገብታ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ነው የዋለችው።

«ነይ እይው» አለችና ሁለቱን በሮች ከፈተችላቸው።

እትዬ ዓለምፀሐይ እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው ያረፈው ልሙጥና ቀዝቃዛ ነገር ላይ ነው። ወደ ጎን ወሰዱት፤ ያው ልሙጥ ነው። ወደ ላይ፤ ያው። ዶርካስ መስተዋት የሚመስሉ የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዝታ፣ ጨርቁን ሁሉ እንደ ሱቅ ዕቃ ጠቅልላ በየሳጥኑ ደርድራ፣ በየሳጥኑ ፊት ደግሞ በማሽን የታተመ ወረቀት ለጥፋለች። እውነቱን ለመናገር ማንም ሰው ቢያየው የሚያስቀና ሥራ ነበር። ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ ልካለች።

እናትየው ጣታቸውን በአንዱ ወረቀት ላይ አደረጉ። «ይሄ ምን ይላል?»

«ጌስት፣ ኩዊን ሳይዝ። የእንግዳው አልጋ።»

ጣታቸውን ወደሚቀጥለው አሳለፉ። «ይሄስ?»

ዶርካስ ወረቀቱን ሳይሆን የእናቷን ጣት አየች። እናቷ ሦስተኛውን ወረቀት አልጠየቁም። የመጀመሪያውን ሳጥን ክዳን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀጭ አድርገው ከፈቱትና፣ ውስጥ ያለውን አውጥተው ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈቱ።

«እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ነው የሠራሁት» አለች ዶርካስ።

«አውቃለሁ ልጄ። በጣም ለፍተሻል» አሉ፤ እጃቸው ግን አላቆመም። «እኔ የማላነበውን ቤት ነው የሠራሽልኝ። እዚህ ቤት ውስጥ አንብቡልኝ እያልኩ ከምኖር፣ ያው ቫን ናይስ መጥቼ ብጠይቅ ይሻለኛል።»

ዶርካስ ባዶዎቹን ሳጥኖች አንዱን ባንዱ ውስጥ እየሰካች ወደ መኪናዋ አወረደች። ስትሄድ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፤ ግን አጥብቃ አልሳመቻቸውም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ስትደውል «ደህና ነሽ? እሺ» ብቻ ሆነ ወሬዋ። እትዬ ዓለምፀሐይ ከፋቸው። ቢሆንም ሥራቸውን አላቆሙም።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ቁርጥ አደረጉ፤ እጄ አንዴ ነክቶ የማይለየው ነገር ከዚህ ቤት ይወጣል አሉ። በዚህ ፍርድ ብዙ ነገር ወደቀ። ጓደኛ የሌለው አንሶላ ወደቀ፤ መጋረጃው ወደቀ፤ የሟቾቹ አንሶላዎች በሙሉ ወደቁ። ቸርች ውስጥ በዲቪ ከመጡ ወር ያልሞላቸው ምንይሉ የሚባል ወጣትና ባለቤቱ ነበሩ፤ ኢንግልዉድ ባዶ አፓርታማ ተከራይተው ፍራሽ ብቻ ይዘው ነው የሚኖሩት። እትዬ ዓለምፀሐይ ደወሉለትና ከነሚስቱ መጡ። ያልተነካውን አልጋ ልብስ፣ ንጹሑን ብርድ ልብስ፣ የሚስስ ሃርፐርን ነጭ አንሶላዎች ሳይቀር ወሰዱ። የምንይሉ ሚስት አንሶላውን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ እንዲህ ያለ ለስላሳ ጨርቅ ነክታ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። እትዬ ዓለምፀሐይ የማን እንደነበረ ሊነግሯት አሰቡና ተዉት። ጥሩ ሰው የተኛበት ነው አሏት፤ በቃ።

ሲሄዱ ቁም ሳጥኑ ከግማሽ በታች ሆነ። ያን ጊዜ ትንፋሽ አገኙ።

የቀረው መለያው ነበር። መጀመሪያ የሞከሩት መርፌ ቁልፍ ነው። በእንግዳው አልጋ አንሶላ ጫፍ ላይ ሁለት፣ በራሳቸው ላይ አንድ ሰኩ። ጥሩ መስሏቸው ነበር። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ አንዱ ዝጎ ነጩን አንሶላ አበላሸው፤ ሌላው ሲተኙበት ተከፍቶ ቁርጭምጭሚታቸውን ወጋቸው። ሁሉንም ነቅለው ጣሉ።

ከዚያ የልብስ ቁልፍ አሰቡ። ቁልፍ ቢታጠብ አይዝግም፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ቢገባ አይቀልጥም፣ ሰው አይወጋም። ካረጁ ካፖርቶችና ሸሚዞች የቆረጡት ቁልፍ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሞልቷቸዋል። ችግሩ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባቱ ነው፤ የመርፌው ቀዳዳ ከጠፋባቸው ቆይቷል። እዚህ ላይ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ሱዓድ ወረዱ። ሱዓድ ጠዋት ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ብቅ እያለች በመርፌዎቹ ሁሉ ክር አስገብታ፣ ጫፉን ቋጥራ፣ ትንሽ ትራስ ላይ ደርድራ ትሰካላቸዋለች። የቀረውን እሳቸው ይሠራሉ።

አሠራራቸውም ይህ ነበር። ለራሳቸው አልጋ አንድ ቁልፍ፣ ለእንግዳው ሁለት፣ ለሶፋው ደግሞ ከካፖርት የወጣ ትልቅ የእንጨት ቁልፍ። ቁልፉ የሚሰፋው ሁልጊዜ በግርጌ በኩል በቀኙ ማዕዘን ላይ ነው፤ እሱን ካገኙ ራስጌው የት እንደሆነ፣ የቱ ጎን ረጅሙ እንደሆነ ይታወቃል። ከታጠበ በኋላ ሁለቱ አንሶላና አንዱ የትራስ ልብስ ይታጠፉና ሁለተኛው የትራስ ልብስ ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ አንድ አልጋ አንድ ጥቅል ነው፤ መፈለግ የለም። የእንግዳ ፎጣ ጫፉ ላይ የጥብጣብ ቀለበት አለው። ከባዱ ከታች፣ ቀለል ያለው ከላይ፤ ጋቢዎቹ ወገብ ላይ፣ ሳይጎነበሱ በሚነሱበት። የጠረጴዛ ልብስ የሚባል ነገር ጭራሽ ከዚያ ቁም ሳጥን ወጥቶ ወጥ ቤት ገባ።

ሱዓድ ሆቴል ውስጥ አልጋ እንዴት እንደሚወጠር አሳየቻቸው። የሚያውቁት ሥራ ስለሆነ ሳቁባት። ግን እሳቸው የሚያውቁት በዓይን ነበርና እንደገና በእጅ ለመልመድ ጊዜ ወሰደባቸው። በየጠዋቱ የእንግዳውን አልጋ ያነጥፉና ያነሱታል፤ እንደገና ያነጥፉታል። ሲያነጥፉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሱዓድ አንድ ቀን ይህን አይታ ለምን ዓይንዎን ይጨፍናሉ፣ ትንሽ ያዩ የለም እንዴ አለቻቸው።

«የቀረኝን አልተማመንበትም» አሏት። «ጉሙ ሲመጣ እኔ ቀድሜ እጠብቀዋለሁ።»

ኅዳር ደረሰ። የታንክስጊቪንግ ዋዜማ ረቡዕ ዶርካስና ሶፎንያስ ለነገው ምግብ ሊያግዙ መጡ፤ እንግዶቹም አመሻሹ ላይ ይመጣሉ። እነ አቶ አሳምነው ሲገቡ ግን ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው። የወይዘሮዋ ወንድም አድማሱ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሥራው እዚህ ጥሎት ነበርና በዓሉን ብቻውን ከሚውል ብለው ይዘውት መጥተዋል። በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ይቅርታ እየጠየቀ፣ መኪናዬ ውስጥም መተኛት እችላለሁ እያለ ቆመ። ዶርካስ ወዲያው እናቷን አየች። ሆቴል እንያዝለት ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

እትዬ ዓለምፀሐይ ካሉበት ተነሱ። ግድግዳውን ሳይዙ ኮሪደሩን ሄደው ሁለቱን በሮች ከፈቱ። ቀኝ እጃቸው ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ወረደ፤ ሁለት ቁልፎቹን ዳበሱ፤ ጥቅሉን በብብታቸው ያዙ። ዝቅ ብለው የእንጨቱን ቁልፍ አገኙ፤ ያንንም ያዙ። ጋቢ ጨመሩ። ወይዘሮዋ ልታግዝ ስትነሳ ዶርካስ በዓይኗ ከለከለቻት። ሶፎንያስ የያዘውን ካሮት ማጠቡን ትቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እትዬ ዓለምፀሐይ የእንግዳውን አልጋ አነጠፉ፤ ግርጌውን አጠፉ፤ መጨማደዱን በመዳፋቸው ገፉት። ከዚያ ሳሎን ተመልሰው ሶፋውን ዘርግተው ለአድማሱ አነጠፉ። አንሶላው ልክክ ብሎ ገባ። የሶፋው ጥቅል የትራስ ልብሱ አንድ ብቻ ነበርና ለሰውዬው ግዙፍ ጭንቅላት አንድ ትራስ አይበቃም ብለው ተመልሰው ሄደው ከትርፎቹ አንድ ጨመሩለት። ዶርካስ የወጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ እንደተደገፈች ነበር። ፊቷን እትዬ ዓለምፀሐይ አላዩትም።

በማግስቱ ጠዋት ዶርካስና ሶፎንያስ ከቫን ናይስ ተመልሰው ሁሉም ቁርስ ላይ ተሰብስበው ሳለ አድማሱ ሻዩን ፉት እያለ፣ «እትዬ፣ በዳክዬዎቹ ላይ እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት። ትራሱ ይሰጠኝ፣ መኪናዬ ውስጥ ይዤው ልዙር» አለ። ወይዘሮዋ ሳቀች።

እትዬ ዓለምፀሐይ ወዲያው ገባቸው። ዶርካስ ልጅ ሆና የምትተኛበት፣ ቢጫ ዳክዬ የታተመበት የትራስ ልብስ ነበር። ሊያወጡት ልባቸው እምቢ ብሎ፣ ቁልፍም ሳይሰፉበት ከትርፎቹ መካከል የተዉት። አብረው ሳቁ፤ ሻይ ቀዱ፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው ዶርካስን ጠሯት።

«ተሳሳትኩ» አሏት። «አንዲት ነገር ብዬሻለሁ፤ አንዲት ነገር ተሳስቻለሁ። ቃል ቃል ነው።»

ዶርካስ ዶሮውን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋች፤ እጇን አደረቀች።

«ስንስማማ ሦስት ሰው ይመጣል አላልሽም ነበር» አለች። «ማታ እኮ እያየሁሽ ነበር እማዬ። እኔ ራሴ እንደዛ አላነጥፍም። ስለዚህ ቫን ናይስ የምትመጪው ስትፈልጊ ነው። እኔ ስፈራ አይደለም።»

እትዬ ዓለምፀሐይ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ፈለጉና ያዙት። እሷም ወደ እሳቸው ተጠጋች። ዶሮው ሳይበስል እንደዚያ ቆመው ሊውሉ አይችሉም ነበርና እናትየው፣ «በይ እሱን ምድጃ ውስጥ አስገቢ» አሏት።

እንግዶቹ አርብ ሄዱ። ዶርካስ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ስለነበር ቆየች። የተኙበትን ሁሉ ሰብስባ ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ አወረደች፤ አጥባ፣ አድርቃ፣ ትኩሱን በቅርጫት ይዛ ወጣች። ከእናቷ ጋር አልጋው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አጠፉት። እያጠፉ ስለ ሥራዋ አወሩ፤ ስለ ሶፎንያስ እናት ጉልበት አወሩ። ከዚያ ዶርካስ ጥቅሉን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ ከተከፈተው ቁም ሳጥን ፊት።

«የት ላድርገው?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ዓለምፀሐይ ከተቀመጡበት ሆነው ነገሯት። እሷም እንዳሏት አደረገች።

ዓይናቸው ከዚያ ወዲህ ብሷል፤ ጉሙ ሰፍቷል። በጋዝ ማብሰል ትተው ምድጃው በኤሌክትሪክ እንዲሆን በልጃቸው ልመና ተስማምተዋል፤ መድኃኒታቸውን ሰዓቱን እየተናገረ የሚሰጥ ማሽን ተቀብለዋል፤ ሁለቱንም ከተጨቃጨቁ በኋላ ነው። ቫን ናይስ ያለው ክፍል የሶፎንያስ ቢሮ ሆኗል። ዶርካስ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እየመጣች የእንግዳው ክፍል ውስጥ ታድራለች፤ አልጋውን እናቷ ያነጥፉላታል፤ እሷም አታግዝም። በዚህ ሰሞን ደግሞ እትዬ ዓለምፀሐይ ወጥ ቤቱን ጀምረዋል። የቅመም ብልቃጡን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አውርደው፣ ክዳኑን እየከፈቱ እያሸተቱ፣ የቱ እንደሚቀርና የቱ እንደሚወጣ እየወሰኑ ነው።